ስድስት ጥቁር መስመር በነጭ ቀሚስ ላይ

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ። ሐዋሳ ውስጥ አንድ አዳራሽ ነን። የቀለበት ፕሮግራም ነው። የልጅቷ አባት ከወንበራቸው ተነሱ። ሁለቱ ልጆች ጉልበታቸውን ስመው ተንበረከኩ። ዲጄው ሙዚቃውን አቆመ። ሰዉ ሁሉ ጸጥ አለ። አባትየው በሲዳምኛ ጀመሩ፣ በአማርኛ ቀጠሉ። ከየአቅጣጫው «አሜን» ይባላል።

እኔ ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ ሆኜ 61 ፎቶ አነሳሁ። አንዲት ድምፅ አልተሰማችም። ካሜራው ለእኔ አዲስ ነው። ድምፅ አልባ የሚባለውን ሻተር (ብርሃን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ የሚወስነውን) ከፍቼዋለሁ። ምርቃት ላይ «ቸክ ቸክ» ማለት ሁሌም ይከብደኛል። ያን ቀን በልቤ «ተመስገን፣ እንዲህ ነው እንጂ» አልኩ።

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፈትኳቸው። በልጅቷ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ጥቁር መስመሮች ተጋድመዋል። ከዳር እስከ ዳር። በአባትየው ፊት ላይ አንዱ ግንባራቸውን፣ ሌላው አገጫቸውን ቆርጦት አልፏል። ቀጣዩን ከፈትኩ። ያው ነው። 61ዱንም አየሁ። 61ዱም ያው ናቸው።

ከዚያ በፊት ያንን ካሜራ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈትኜው ነበር። እንዲህ በዝርዝር የምጽፈውም ለዚህ ነው። ፈትኜው ነበር፣ ግን ያበላሸኝን ነገር ፈተናው ውስጥ አላስገባሁትም።

ካሜራው እንዴት እጄ ገባ

ሐዋሳ ውስጥ ሰርግ፣ ቀለበት፣ ምረቃና ልደት በማንሳት ነው የምተዳደረው። 11 ዓመት ሆኖኛል። የምሠራባቸው ሁለቱ ካሜራዎች ካነን 5ዲ ማርክ 3 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሞዴል ነው፣ 22 ሜጋፒክስል። አንዱን እኔ እይዛለሁ፣ አንዱን ረዳቴ። እነዚህ ካሜራዎች ቤቴን አቁመውልኛል። ግን ሻተር ዕድሜ አለው። አምራቹ 150,000 ክሊክ ይላል፣ የእኔ ካሜራ ያንን ካለፈ ቆይቷል። አንድ ቀን በሰርግ መሐል እንዳይቆም እየሰጋሁ ነበር የምወጣው።

ለመቀየር ሳስብ ደግሞ ዋጋው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ካሜራ እዚህ አይመረትም። ሁሉም በዶላር ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንድ ካሜራ ተሳስቶ መግዛት ማለት የአንድ ዓመት ልፋት ገደል መክተት ማለት ነው።

አዲስ አበባ ዕቃ የሚያስመጣ ወዳጅ አለኝ። ያገለገለ ግን ንጹሕ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ነበረው። «ቀብድ ተውልኝና ለአንድ ወር ሥራበት፣ ካልሆነህ መልሰው» አለኝ። እንዲህ ያለ ዕድል ሁሌ አይገኝም። ተቀበልኩ። ሞዴሉን አልጠቅስም። ያጋጠመኝ ነገር የአንድ ካምፓኒ ጉድለት አይደለም። የዚህ ዓይነት ሴንሰር (ምስሉን የሚይዘው ክፍል) ያላቸው ካሜራዎች ሁሉ በዚህ መብራት እንዲሁ ይሆናሉ።

ወሩ ለዚህ ይመቻል። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት ስለሆነ የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም። ሥራው ቀዝቀዝ ይላል። ጥር ሲገባ ግን ትንፋሽ የለም። በየሳምንቱ ሰርግ ነው። ያቺ የታኅሣሥ ቀለበት የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ፕሮግራም ስለነበረች ጾሙ አላገዳትም።

አሞራ ገደል

ታኅሣሥ 6 እሑድ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ከረዳቴ ጋር በባጃጅ አሞራ ገደል ወረድን። ለሐዋሳ ሰው ቦታውን መግለጽ አያስፈልግም። ለማያውቀው ግን፣ ዓሣ አጥማጆች ከሌሊት መረባቸው የሚመለሱበት የሐይቁ ዳር ነው። ሐይቁ ከከተማው ወደ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባህ ትወጣለች። ጀልባው፣ ሰዉ፣ ወፉ ሁሉ ፊቱን ለብርሃን ሰጥቶ ነው የምታገኘው።

ለፎከስ ፈተና ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ቆሮሶ የሚያጸዱ ልጆች እጃቸው ይፈጥናል። ቢላዋው ሲንቀሳቀስ ቅርፊቱ ይበተናል። አባ ኮዳዎቹ ከበው ይቆማሉ። አንጀት ሲወረወር ሦስት አራቱ በአንድ ጊዜ ይዘላሉ። በድሮው ካሜራዬ ከአሥር አራቱን ባገኝ ደስ ይለኛል። አዲሱ የወፉን ዓይን ራሱ ፈልጎ ያዘ። መላጣ ራሱን ሲያዞር፣ ክንፉን ሲዘረጋ፣ ካሬዋ ምልክት ከዓይኑ ላይ አልወረደችም። ከአሥር ስምንት ዘጠኙ ጥርት ብለው ወጡ።

ድምፅ አልባውን ሻተር ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርኩትም እዚያ ነው። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን እየጠገኑ ነበር። አስፈቅጄ ተጠጋሁ። ካሜራ ሲጮህ ሰው ሳያውቀው ፊቱን ያጠነክራል። እኚህ ሰው ግን ምንም ስላልሰሙ ሥራቸውን ቀጠሉ። ክሩን በጥርሳቸው ይዘው ሲስቡ፣ ዓይናቸው ጠበብ ሲል፣ ሁሉንም አገኘሁት። በዚያች ፎቶ ልቤ ተሰረቀ። እውነቱን ለመናገር፣ ገንዘቡን ለመክፈል የወሰንኩት እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው።

ለረዳቴ «ከዛሬ ጀምሮ ምርቃትን በዚህ ነው የምናነሳው» አልኩት።

ታኅሣሥ ገብርኤል

ሁለተኛው ፈተና ታኅሣሥ 19 ነበር። የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ሰዉን ከየት ሁሉ እንደሚሰበስበው የታወቀ ነው። መንገዱ ሁሉ ነጭ ይሆናል። እኛ ሀገር ፎቶ ማንሳት ላይ ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለኛል። በነጭ ነጠላ የተከበበ ጠይም ፊት፣ ከእኩለ ቀን ፀሐይ በታች።

የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊጎትት ነው የተሠራው። ፍሬሙን ነጠላ ሲሞላው «ኧረ ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ያኔ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ደግሞ ከሰል ይሆናል። ለፊቱ ብለህ ስትከፍት ነጠላው ይቃጠላል። ጥለቱ ይጠፋል፣ የጥጡ እጥፋት ይጠፋል፣ ባዶ ወረቀት ይሆናል። እናቶቻችን ያንን ጥለት መርጠው ነው የሚለብሱት። ለእኔ ጥለቱ የጠፋበት ፎቶ ያላለቀ ፎቶ ነው።

በድሮው ካሜራ ይህንን የምሠራው በልምድ ነው። አነሳለሁ፣ ስክሪኑን በእጄ ከልዬ አያለሁ፣ አስተካክዬ እደግማለሁ። እስከዚያ ሴትየዋ አልፋለች። አዲሱ ላይ ቪውፋይንደሩ (ዓይንህን አስጠግተህ የምታይበት) ራሱ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ፎቶው ሳይነሳ በፊት ምን እንደሚመስል ታያለህ። ሊቃጠል የደረሰው ቦታ ላይ ደግሞ የሜዳ አህያ መስመር የመሰለ ምልክት ይንቀሳቀሳል። መስመሩ ከነጠላው ላይ እስኪጠፋ ብርሃኑን ዝቅ አደረግኩ። ፊቱ ጨለም ብሎ ወጣ። ማታ በሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው) ፊቱን ብቻ ወደ ላይ ሳወጣው ግን ቆዳው በራሱ ቀለም መጣ። ጥለቱም ክር በክር ቀረ። ከበሮ የሚመታ አንድ ልጅ ፎቶ አለኝ። ላቡ በጉንጩ ሲወርድ ይታያል። ትከሻው ላይ ያለው የነጠላ ጠርዝ ሽመናው ይቆጠራል። ሁለቱን በአንድ ፎቶ ውስጥ ማግኘት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በመሐል ሌሎች ትንንሽ ፈተናዎችም ነበሩ። የረዳቴን እህት ስቱዲዮ አስቀምጠን ዓይነ ርግብ ጣል አደረግንባት። ካሜራው አንዳንዴ ዓይኗን ትቶ መረቡ ላይ ፎከስ ያደርጋል። በተለይ መረቡ ላይ ዶቃ ካለ። እዚያ ጊዜ በእጅ ማድረግ ይሻላል። ባትሪው ከድሮው ቶሎ ያልቃል፣ ስክሪኑ ሁሌ ስለሚሠራ። በሁለት ባትሪ ሰርግ እንወጣ የነበርን ሰዎች አራት መያዝ ሊኖርብን ነው። ሌንስ ሲቀየር ሴንሰሩ ፊት ለፊት ስለሚጋለጥ መንገድ ዳር፣ የባጃጅ አቧራ ላይ አለመቀየር። ይህን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ደብተሩን ዛሬ ሳየው የሚያስቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተፈተነው በፀሐይና በፍላሽ ብቻ ነው። «አዳራሽ» የሚል ቃል የትም የለም።

ያቺ ማታ

አሁን ወደ ቀለበቱ ልመለስ።

አዳራሹ በቅርቡ የታደሰ ነው። ጣሪያው ሙሉ በኤልኢዲ ፓኔል ተሸፍኗል። መድረኩ ላይ ዲጄው ያመጣቸው ባለ ቀለም መብራቶች አሉ። ሲጨፈር የቆየው በእንዲህ ያለ ብርሃን ነው። እኔ ፍላሹን ወደ ጣሪያ አዙሬ፣ ሻተሩን 1/500 ሰከንድ አድርጌ እስክስታውን ሳነሳ ነበር። ፎቶው ያምራል። ከእያንዳንዱ ክሊክ በኋላ ፎቶው ቪውፋይንደሩ ላይ እየመጣ እንዳያውከኝ ማሳያውን አጥፍቼዋለሁ።

ከዚያ አባትየው ተነሱ። እኔ አንዲት ቁልፍ ተጫንኩ። ድምፅ አልባው ሻተር ተከፈተ። በዚያች ቁልፍ ሦስት ነገር በአንዴ ተለወጠ፣ እኔ ያሰብኩት ግን አንዱን ብቻ ነው። ድምፁ ጠፋ። ፍላሹም ጠፋ፣ ምክንያቱም ይህ ካሜራ በኤሌክትሮኒክ (በድምፅ አልባው) ሻተር ፍላሽ አያበራም። ሴንሰሩ ፎቶውን የሚይዝበት መንገድም ተለወጠ። ፍጥነቱ ግን እዚያው 1/500 ላይ ቀረ።

ረዳቴ ከሌላኛው ጥግ በድሮው ካሜራ፣ በፍላሽ፣ ምርቃቱን ዘጠኝ ጊዜ አንስቶ ነበር። እንዲያውም በመሐል በዓይኔ «በቃ፣ አታስጩህ» ብዬው አቁሟል። ያቺን ቅጽበት ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል። ያቺ ዘጠኝ ፎቶ ናት ያተረፈችን።

በነጋታው እሑድ ወደ ልጅቷ ቤተሰቦች ቤት ሄድኩ። ፎቶው ይዘገያል ብዬ ቀን መግፋት ይቻል ነበር። አልፈለግኩም። እናትየዋ ቡና እያፈሉ ነበር።

«እትዬ፣ የምርቃቱን ፎቶ አበላሽቼዋለሁ» አልኳቸው።

ጀበናውን እንደያዙ ቆዩ። «የአባቷን?»

«አዎ። ረዳቴ ያነሳቸው ዘጠኝ አሉ፣ ደህና ናቸው። የእኔ ግን መስመር ገብቶባቸዋል።»

በስልኬ አሳየኋቸው። ረጅም ሰዓት አዩት። «ፊቱን ቆራረጠው አይደል?» አሉ ቀስ ብለው። አባትየው ባለፈው ዓመት ታመው ተርፈዋል። ለዚህ ቀን መድረሳቸው ለቤተሰቡ ራሱን የቻለ በዓል ነበር። ይህን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። «ልጄ፣ ሰው ነህ፣ ይሳሳታል» አሉኝ በመጨረሻ። «ሰርጉ ላይ ግን እንዲህ እንዳይሆን።» ሰርጉ ጥር 17 ነበር። ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

የምርቃቱን ክፍያ ከሒሳቡ ላይ ቀነስኩ። አባትየውንም በሌላ ቀን ግቢያቸው ውስጥ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ለብቻቸውና ከልጃቸው ጋር አነሳኋቸው። ቆንጆ ፎቶዎች ናቸው። ምርቃቱን ግን አይተኩም።

መስመሩ ከየት መጣ

መጀመሪያ ካሜራው ተበላሽቷል ብዬ ነበር። ሴንሰሩ ሞቷል ብዬ ለወዳጄ ልደውል ስል ረዳቴ አስቆመኝ። «ጋሼ፣ መብራቱ እኮ ነው። እኔም በስልኬ ቪዲዮ ስቀዳ እንዲህ ይሠራል።»

ልክ ነበር።

የእኛ ሀገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ሞገዱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚበረታ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ዓይናችን ይህን አያየውም። ጥሩ የኤልኢዲ መብራት ውስጥ ይህንን መርገብገብ የሚያለሰልስ ሰርኪዩት አለ። ርካሹ ላይ ግን በደንብ አይለሰልስም። የሚደምቀው ሙሉ በሙሉ፣ የሚደበዝዘውም እንዲሁ ነው።

ሜካኒካል ሻተር መጋረጃ ነው። ሴንሰሩን ከላይ እስከ ታች ለማቋረጥ የሚፈጅበት ጊዜ በጣም አጭር ነው፣ 1/250 ሰከንድ አካባቢ። ኤሌክትሮኒክ ሻተር መጋረጃ የለውም። ሴንሰሩ ምስሉን መስመር በመስመር ያነባል። ሸማኔ እንደሚሠራው ነው። ሸማኔ ጋቢውን በአንዴ አያወጣውም፣ ማግ በማግ ነው የሚሸምነው። ሲሸምን መብራቱ ቢደበዝዝና ቢደምቅ፣ አንዳንዱ ማግ በጨለማ ሌላው በብርሃን ይገባል። ፎቶውም ላይ የሆነው ይኸው ነው። 1/500 ስል እያንዳንዱ መስመር ያገኘው ብርሃን 1/500 ሰከንድ ነው። የመጀመሪያው መስመርና የመጨረሻው መስመር የተነበቡበት ጊዜ ግን በጣም ይራራቃል።

ምን ያህል ይራራቃል? ይህን ራሱ ፎቶው ይነግርሃል። በአባትየው ፎቶ ላይ ጥቁሮቹን መስመሮች ቆጠርኳቸው። ስድስት ናቸው። መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚደበዝዝ ከሆነ እያንዳንዱ ጥቁር መስመር 1/100 ሰከንድ ነው። ስድስት መስመር ማለት ካሜራው አንዱን ፎቶ አንብቦ ለመጨረስ 6/100 ሰከንድ ያህል ፈጅቶበታል። ወደ 1/16 ሰከንድ ማለት ነው። ለማንኛውም ሰው ይህንን መለኪያ እመክራለሁ። ካሜራህን ድምፅ አልባ አድርገህ፣ በፈጣን ሻተር፣ በሚርገበገብ ኤልኢዲ ሥር ነጭ ግድግዳ አንሳና መስመሮቹን ቁጠር። ጥቂት ከሆኑ ሴንሰርህ ፈጣን ነው። ከበዙ ዘገምተኛ ነው።

ይህ ችግር መልስ ያጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኒኮን ዜድ 9 ሜካኒካል ሻተር ጭራሽ የለውም፣ ሴንሰሩ በጣም ስለሚፈጥን አያስፈልገውም። በ2023 የተዋወቀው ሶኒ ኤ9 3 ደግሞ መስመሮቹን ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይይዛል። ዋጋቸው ግን ከእኔ አቅም በላይ ነው። እኔ እጄ ላይ ባለው ነው መሥራት ያለብኝ።

አሞራ ገደልና ገብርኤል ላይ ይህ ያልታየው ፀሐይ ስለማትርገበገብ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ የምሠራው በፍላሽ ነው። ይህን ችግር ሊያሳይ የሚችለውን አንድ ቦታ፣ ዋናውን የእንጀራዬን ቦታ፣ አዳራሹን ዘልዬ ነበር።

ገና ማግስት በባዶ አዳራሽ

ታኅሣሥ 30 ረቡዕ የአዳራሹን ኃላፊ ለምኜ ሁለት ሰዓት አስከፈትኩ። ደግ ሰው ናቸው። «መብራቱን ሁሉ አብራው፣ ቆጣሪው ቢቆጥር ችግር የለም» አሉኝ። ረዳቴ ነጭ ጋቢ ለብሶ አባትየው በቆሙበት ቦታ ቆመ። ዲጄውም መብራቶቹን ይዞ መጣ። እሱም ጉዳዩ ገርሞት ነበር።

በጣሪያው ኤልኢዲ ጀመርን፣ ድምፅ አልባ ሻተር። በ1/500 ስድስቱ መስመሮች እንደ ቀለበቱ ማታ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። በ1/200 ለዘብ አሉ እንጂ አልሄዱም። በ1/125 ጋቢው ላይ እንደ ጥላ ሆነው ቀሩ። 1/100 ላይ ስደርስ ጠፉ። ሙሉ በሙሉ። ጋቢው ነጭ ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የሴንሰሩ መስመር ልክ አንድ ሙሉ መርገብገብ ስለሚያገኝ ሁሉም እኩል ብርሃን ይደርሳቸዋል። 1/50 ላይም ጠፉ። 1/60 ላይ ግን ጭላንጭሉ ተመለሰ። ረዳቴ ስክሪኑን እያየ «ጋሼ፣ ያን ቀን 1/100 ብትሆን ኖሮኮ…» ብሎ ዝም አለ። አዎ። ምርቃት ላይ ሰው አይንቀሳቀስም። 1/100 ይበቃ ነበር።

ቀጥሎ ባለ ቀለሞቹ የመድረክ መብራቶች። እነዚህ ሌላ ናቸው። ዲጄው ሙሉ ሲያበራቸው መስመር የለም። ደብዘዝ ሲያደርጋቸው ግን በ1/100 እንኳ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ መስመሮች መጡ። እንዲህ ያሉ መብራቶች ሲደበዝዙ ኃይላቸው አይቀንስም። በጣም በፍጥነት በርተው በመጥፋት ነው የደበዘዙ የሚመስሉት። ፍጥነቱ ከመንግሥት መብራቱ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ከዲጄው ጋር ተስማማን። ምርቃት ሲጀመር ወይ ሙሉ ያበራቸዋል፣ ወይ ያጠፋቸዋል።

ከዚያ ጀነሬተሩን አስነሳን። ይህንን የጠየቅኩት መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ማየት ስላለብኝ ነው። በሐዋሳ ሰርግ ላይ መብራት አይጠፋም ብሎ የሚወራረድ ካለ አላውቅም። ጀነሬተር 50 ላይ ቆሞ አይቆይም። ጭነቱ ሲቀንስ ይፈጥናል፣ ሲጨምር ይዘገያል። በ1/100 ጋቢው ላይ ደብዛዛ መስመር ተመለሰና ከፎቶ ፎቶ ቦታውን ቀየረ። በእጅ ሊስተካከል አይችልም። በጀነሬተር ጊዜ ድምፅ አልባ የለም ብዬ ደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኩ።

ሜካኒካሉን ሻተርም ያለ ፍላሽ ሞከርኩት። በ1/500 መስመር የለም፣ ግን አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለም ያለ፣ ሦስተኛው ግማሹ ቢጫ ሆነ። የሻተሩ ጊዜ ከመርገብገቡ ስለሚያጥር የትኛው ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። ከዚያ ሜኑ ውስጥ ያለውን የመርገብገብ መከላከያ ከፈትኩት። ካሜራው የመብራቱን ምት አጥንቶ በደመቀበት ቅጽበት ብቻ ያነሳል። ሃያዎቹም ፎቶዎች እኩል ሆነው ወጡ። ካነን ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ2014 በ7ዲ ማርክ 2 ነው ያመጣው። የእኔ 5ዲዎች ከዚያ በፊት የወጡ ስለሆኑ የላቸውም። ለዚህ ነው አዳራሽ ውስጥ ለዓመታት ከፍላሽ ሳልወጣ የኖርኩት። ምክንያቱን ሳላውቀው ማለት ነው። ያለ ፍላሽ ያነሳኋቸው አንዳንድ የድሮ ፎቶዎች ለምን ቢጫና ጥቁር እየሆኑ እንደሚያስቸግሩኝም ያን ቀን ገባኝ። ኤዲት ላይ ያጠፋሁት ሌሊት ብዛት!

ውሳኔው

ካሜራውን ገዛሁት። ይህን ያልኳቸው የሙያ ወንድሞቼ ገርሟቸዋል። «አዋርዶህ ሳለ?» ያለኝ አለ። እኔ እንደዚያ አላየውም። አሞራ ገደል ላይ ያሳየኝ እውነት ነው። ገብርኤል ላይ ያሳየኝም እውነት ነው። አዳራሽ ውስጥ ምን እንደማይችል ደግሞ አሁን በልኩ አውቃለሁ። ከማላውቀው ካሜራ ድክመቱን የማውቀው ይሻለኛል።

ሁለቱን 5ዲዎች ግን አልሸጥኩም። ለመሸጥ አስቤ የነበረውን አንዱን ጨምሮ። ምርቃት ላይ ሁለት ሰው፣ ሁለት ዓይነት ሻተር፣ ሁልጊዜ። ረዳቴንም በዓይኔ አላስቆመውም። ከፕሮግራሙ አንድ ሰዓት ቀድመን እንገባለን። የጠረጴዛውን ነጭ ልብስ በ1/500፣ በ1/200፣ በ1/100 እናነሳለን፣ ስክሪኑ ላይ አጉልተን እናያለን። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ካሜራው ላይ አንዲት የማስታወሻ ቁልፍ አለች። ስጫናት ድምፅ አልባውን ሻተርና 1/100ን አብራ ነው የምታመጣው። ለየብቻ እንዳልረሳቸው።

ጥር 17

ሰርጉ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ገብተን የጠረጴዛውን ልብስ አነሳን። ንጹሕ። ዲጄው ከሩቅ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ተነሳ። ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን አስታወስኩ። ወደ ሜካኒካል ቀየርኩ፣ ፍላሹን አበራሁ። ጭፈራውን በዚያ አነሳን። አባትየው የሚነሱበት ሰዓት እየደረሰ ነው። ፕሮቶኮሉን ጠርቼ «ትንሽ ያዝልኝ፣ መብራት ከመጣ ጥሩ ነው» አልኩት። «አባትየው አይችሉም፣ ደክሟቸዋል» አለኝ። ልክ ነው። ለፎቶ ሲባል የታመመ ሰው አይጠበቅም። እንደሚጮህ ሆኖ ለማንሳት ተዘጋጀሁ።

አባትየው ተነስተው ልጆቹ ሲንበረከኩ መብራቱ መጣ። ጣሪያው ነጭ ሆነ። አንድ ነጠላ ሙከራ አነሳሁና አጉልቼ አየሁ። መስመር የለም። ዲጄውን አየሁት፣ ባለ ቀለሞቹን አጥፍቷቸዋል። ቁልፏን ተጫንኩ።

እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ጫኑ። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። በ1/100 ጣቶቹ ትንሽ ተንቀሳቅሰው ወጥተዋል። እኔ ያንን አላስተካክለውም፣ እንደዚያ ነበሩ። ፊታቸው ግን ጥርት ያለ ነው። እንባቸው በግራ ጉንጫቸው መሐል ላይ ቆሟል። ከረዳቴ ጥግ አንዴ ፍላሽ በራ፣ ሁለቴ በራ። ተውኩት፣ ያንሳ።

ምርቃቱ ሲያልቅ ሁሉም «አሜን» ብሎ አጨበጨበ። አባትየው ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ለምን አታነሳም?»

«ጨርሻለሁ፣ አባባ» አልኳቸው። ካሜራውን አዙሬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉና ስክሪኑ ላይ አጎንብሰው ቆዩ።